1/35 ፓንዘር 4 ኤች፦ ሰንሰለት፣ ዚመሪት፣ ሹርዘን እና ዋሽ፤ የቱ ይቅደም?

ስስ_ቀለም

ሰላም ለሁላችሁ። ጠረጴዛ ላይ ያለው የ1/35 ፓንዘር 4 ኤች ነው፤ ከእውነተኛው 35 ጊዜ ያነሰ፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ታንክ ፕላስቲክ ሞዴል። እንዲሆንልኝ የምፈልገው እ.ኤ.አ. 1944 መጀመሪያ ላይ የነበረ ታንክ ነው፦ ዚመሪት (ፀረ ማግኔት ልስን) የተለሰነበት፣ በጎኑና በቱሬቱ (መድፉን በያዘው የላይኛው ክፍል) ዙሪያ ሹርዘን (ተጨማሪ መከላከያ ላሜራ) የተንጠለጠለበት፣ ባለ ሦስት ቀለም። ክፍሎቹ በደንብ የተቀረጹ ናቸው። ሰንሰለቱ ግን አንድ በአንድ ተቆርጦ የሚቀጠል ፕላስቲክ ነው፤ ዚመሪት የለውም፤ የሹርዘኑ ላሜራ ደግሞ ውፍረቱ ወደ 1 ሚሊሜትር ይጠጋል። አንዲት ትንሽ የናስ ፎቶ ኤች ሉህ (በኬሚካል የተቀረጹ ስስ ክፍሎች ያሉባት) አብራ አለች።

መሠረታዊው መገጣጠም አያስቸግረኝም፤ ግራ ያጋባኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ጎማዎቹን ቀድሜ ካጣበቅኩ ከኋላቸው ያለውን የአካሉን ጎን ኤርብራሽ (ቀለም መርጫ) አይደርስበትም። ካላጣበቅኳቸው ሰንሰለቱ ምን ላይ ቅርጽ ይይዛል? ዚመሪቱን በኢፖክሲ ስቱኮ ልሠራው ነው፤ የቱ ገጽ ላይ ይገባል፣ የቱ ላይ አይገባም? ሹርዘኑን ላሳሳው ወይስ በናስ ልተካው? ደግሞም ዋሽ (በጣም የቀጠነ የማጥቆሪያ ቀለም) ሲገባበት የጎማው አክስል ይሰነጠቃል ይባላል፤ ለምንድን ነው የሚሰነጠቀው?

ብረት_ለበስ

እኔ ስለ ሰንሰለቱ ልመልስ፤ ሌላውን ሌሎች ይሙሉበት።

ጎማው ላይ ቅረጸው፣ አውጥተህ ቀባው። ስፕሮኬቱን (ሰንሰለቱን የሚነዳውን ባለ ጥርስ ጎማ)፣ የኋላውን ማወጠሪያ ጎማና የመንገድ ጎማዎቹን ሁሉ አክስላቸው ላይ ሰካቸው እንጂ አታጣብቃቸው። የሚጣበቁት የጎማ ተሸካሚ ክንዶቹ ብቻ ናቸው፤ እነሱንም ስታጣብቅ ታንኩን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አቁመህ ይሁን። ሙጫው ሳይደርቅ በእያንዳንዱ ጎማ ሥር ቀጭን ወረቀት አስገብተህ ሳብ አድርገው። ወረቀቱ ያለ ምንም መያዝ ከወጣ ያ ጎማ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። በአንድ ጎን 8 ጎማ ስላለ ከመካከላቸው አንዱ ግማሽ ሚሊሜትር ከፍ ቢል ሰንሰለቱ ያጋልጠዋል።

በእውነተኛው ታንክ ላይ በአንድ ጎን 99 ቀለበት አለ። ሞዴሉ ላይ አንድ ወይም ሁለት ቢጨምር ወይም ቢቀንስ አትደንግጥ፤ የማወጠሪያው ጎማ ቦታ በትንሹ ሲለያይ ቁጥሩም ይለያያል። በእውነተኛውም ላይ ይህ ጎማ ሰንሰለቱን ለመወጠርና ለማላላት ወደፊትና ወደኋላ ይንቀሳቀስ ነበር። ስለዚህ አክስሉን እስከ መጨረሻው ሳታጣብቀው ቆይ፤ ሰንሰለቱ ቢያጥር ወይም ቢረዝም የምታስተካክለው በእሱ ነው።

አቀጣጠሉ እንዲህ ነው። ጠረጴዛ ላይ የብረት ማስመሪያ በፕላስተር አስረህ ቀለበቶቹን እሱን አስደግፈህ በረድፍ ደርድር። 50 ቀለበት በአንድ ረድፍ፣ 49 በሌላ። የሚመሩት ጥርሶች ሁሉ ወደ አንተ ይዩ፣ አቅጣጫቸውም ከመመሪያው ሥዕል ጋር ይመሳከር፤ መሃል ላይ አንዱ ተገልብጦ ከገባ በኋላ ማውጣት አይቻልም። ለማጣበቅ ወፍራሙንና ዘግይቶ የሚደርቀውን የፕላስቲክ ሙጫ ተጠቀም። ያ እንደ ውሃ ቀጭን የሆነው በደቂቃዎች ውስጥ ይነናል፤ ቀለበቶቹ ገና ቀጥ እንዳሉ ይደርቁና ኩርባው ላይ ጧ ብለው ይሰበራሉ። በወፍራሙ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ታገኛለህ። ረድፉን በአንድ ጫፍ ይዘህ ስታነሳው እንደ ገመድ ከታጠፈ ጊዜው ደርሷል።

አንዱን ረድፍ ስፕሮኬቱ ላይ፣ ሌላውን ማወጠሪያው ጎማ ላይ ጠምጥም። ሁለቱ የሚገናኙባቸው ቦታዎች አንዱ ከላይ ከፓራፋንጎው ሥር፣ ሌላው ከታች መሬት በሚነካው መስመር መሃል ይሁኑ፤ እነዚህን አታጣብቅ። በፓራፋንጎውና በሰንሰለቱ መካከል የስፖንጅ ቁራጭ ጠቅጠቅ አድርገህ የላይኛውን መስመር ሮለሮቹ ላይ አሳርፈው። ፓንዘር 4 ኤች በየጎኑ 4 የላይ ሮለር ስላለው ሰንሰለቱ በሮለርና በሮለር መካከል ጥቂት ብቻ ነው የሚረግበው። እንደ ቲ-34 ጎማዎቹ ላይ ተኝቶ ከታየ ስህተት ነው፤ ቲ-34 የላይ ሮለር የለውም። ለ24 ሰዓት ተወው። ከዚያ ሁለቱ ግማሾች፣ አንዱ ወደፊት አንዱ ወደኋላ፣ ቅርጻቸውን እንደያዙ ተንሸራትተው ይወጣሉ። ጎማዎቹም ይወጡና የአካሉ ጎን ራቁቱን ይቀራል። ኤርብራሹ ያኔ ይደርስበታል።

የማስወጫ ፒን ጠባሳ ካለ 198ቱን ቀለበት በሙሉ ለመድፈን አትነሳ። የላይኛው መስመር በፓራፋንጎውና በሹርዘኑ ተሸፍኗል፤ የታችኛው መሬት ላይ ተኝቷል። የሚታየው ከፊትና ከኋላ ኩርባው ላይ ያለው ብቻ ነው፤ በየጎኑ 20 ቀለበት ብትደፍን ይበቃል።

ስቱኮ

ዚመሪትን በተመለከተ።

መጀመሪያ ምን እንደነበር ይታወቅ፤ የት እንደሚገባ ከዚያ ይመጣል። ማግኔት ያለው ፈንጂ ብረቱን እንዳይዝ ታስቦ የተለሰነ ሊጥ ነው፦ ባሪየም ሰልፌት፣ የእንጨት ብናኝ፣ ዚንክ ሰልፋይድ፣ ቢጫ አፈር ቀለምና ማጣበቂያ። በ1943 ሁለተኛ አጋማሽ ፋብሪካ ውስጥ መለሰን ጀመረ፤ በሴፕቴምበር 1944 እንዲቆም ታዘዘ። ያንተ ታንክ የ1944 መጀመሪያ ከሆነ መካከል ላይ ነው፤ ትክክል ነህ።

ፈንጂው በእጅ የሚለጠፍ ስለሆነ የሚለሰነው እግረኛ የሚደርስበት ቀጥ ያለ ገጽ ነው፦ የአካሉ ጎን፣ የፊት ሳህን፣ የኋላ ሳህን። ጎማ፣ ሮለር፣ የሞተር ክዳን፣ ፓራፋንጎ፣ የመሣሪያ ማሰሪያዎችና ራሳቸው የሹርዘኑ ላሜራዎች በተለመደው አሠራር አይነኩም። ቱሬቱ ላይ ከፋብሪካ ፋብሪካ ልዩነት ስላለ የምትሠራውን ታንክ ፎቶ ሳታይ አትጀምር። የመስመሩ ቅርጽም እንዲሁ ይለያያል። ፓንዘር 4ን ሲሠሩ ከነበሩት ሦስቱ ውስጥ ማግደቡርግ ያለው ክሩፕ ግሩዞን በ1943 መጨረሻ ስቱግ 4 የተባለውን ቱሬት የሌለው ተሽከርካሪ ወደ መሥራት ዞሯል። ስለዚህ የ1944 ታንክ የምትሠራ ከሆነ ከሌሎቹ ሁለት ፋብሪካዎች፣ ከፎማግ ወይም ከኒቤሉንገን፣ የወጣን ታንክ ፎቶ ፈልግ።

ውፍረቱ ላይ ሰው ሁሉ ያጋንናል። ልስኑ በእውነቱ 5 ሚሊሜትር ቢሆን 1/35 ላይ 0.14 ሚሊሜትር ነው። በጥፍርህ ስትነካው ሸካራነቱ ይሰማህ እንጂ ከፓራፋንጎው ጠርዝ በላይ ፈጦ መታየት የለበትም።

አሠራሩ፦

የሚለሰኑትን ሳህኖች አስቀድመህ አካሉ ላይ አጣብቅ። ቀጭን ሳህን ለብቻው ተለስኖ ሲደርቅ ሊጣመም ይችላል፤ በኋላም አልገጥም ይላል። ልስኑ ውስጥ የሚዋጡትን ትንንሽ የቡሎን ራሶችና የማሰሪያ ምልክቶች በምላጭ ላጥና አስቀምጥ፤ ከልስኑ በኋላ በቦታቸው ታጣብቃቸዋለህ። ፕላስቲኩን በ320 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አሻክረው። ይህን ከዘለልክ ኢፖክሲው ከደረቀ በኋላ እንደ ቅርፊት ተነስቶ ይወጣል፤ ኢፖክሲ ፕላስቲክን አያቀልጥም፣ የሚይዘው በሸካራነቱ ብቻ ነው።

ሁለቱን የኢፖክሲ ክፍሎች እኩል አድርገህ ቀለሙ አንድ እስኪሆን እሸው። ታልክ በተነሰነሰበት ፕላስቲክ ከረጢት መካከል አድርገህ በክብ ጠርሙስ ዳምጠው፤ ከዚያ በእርጥብ ጣት ገጹ ላይ ጨምቀህ አሰራጨው። በአንድ ጊዜ አንድ ሳህን ብቻ ሥራ። ከተቀላቀለ አንድ ሰዓት ካለፈው መስመር አይቀበልም፤ ይቀደዳል።

መስመሩን የምታወጣበት ጫፉ 1.5 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ነው። ውሃ ነክረህ፣ ከላይ ወደታች በዓምድ፣ እያንዳንዱን ጭረት ከቀድሞው ሥር ጫን እያደረግክ ሂድ። ጭረቱ ሁሉ እኩል ከሆነ ማሽን የሠራው ይመስላል። በእጅ የተሠራ ነገር ስለሆነ ዓምዱ ትንሽ ቢጣመም፣ ጥግ ላይ ቢጠጋጋ ይበልጥ ያሳምናል። ጥሩ ምላጭ መጋዝ ካለህ አንድ ቁራጭ ቆርጠህ በጥርሱ በኩል መጫን ቀጫጭን መስመሮችን ያወጣል፤ ለፓንዘር 4 ግን ካቻቢቴው ይሻላል።

ከ3 እስከ 4 ሰዓት በኋላ፣ እንደ ደረቅ አይብ በሚቆረጥበት ጊዜ፣ ጠርዞቹን በምላጭ አጽዳ፤ ስብርባሪ ማሳየት ከፈለግክም ያኔ ፈንቅል። ሙሉ ለሙሉ ከደረቀ በኋላ ስትፈነቅል ከምትፈልገው በላይ ይዞ ይወጣል። የተፈነቀለው ቦታ ላይ የሚታየው ቀይ ቡናማ ፀረ ዝገት ቀለም ነው። ብርማ ብረት አትቀባበት።

በፈሳሽ ስቱኮና በቲነር የሚሠሩም አሉ። ፈጣን ነው፤ ግን ቲነሩ ከሥሩ ያለውን ፕላስቲክ ያለሰልሰዋል፣ ሲደርቅም ይኮማተራል። ለትንሽ ጥገና እንጂ ለሙሉ ጎን አልመክረውም።

ወረንጦ

ሹርዘኑ እንዲሰቀል የታሰበው የሶቪየቶቹን ባለ 14.5 ሚሊሜትር ፀረ ታንክ ጠመንጃ ለመከላከል ነው፤ የጎኑ ላሜራ 5 ሚሊሜትር ነው። በ1/35 ሲሰላ ስቱኮ ከላይ ያሰላው ያው 0.14 ይሆናል። ያንተ የ1 ሚሊሜትር ፕላስቲክ በእውነቱ ዓለም የ35 ሚሊሜትር ጋሻ ነው። ሰውም የሚያየው ጠርዙን ነው።

ሁለት መንገድ አለ። ሁሉም ላሜራዎች በቦታቸው ተሰልፈው እንዲታዩ ከሆነ ፕላስቲኩን አትጣለው። ከጀርባው በኩል ጠርዙን 3 ሚሊሜትር ያህል ስፋት አድርገህ በምላጭ እየፋቅክ በተዳፋት አሳሳው፤ ከፊት የሚታየው ስስ ጠርዝ ብቻ ይሆናል። አንድ ምሽት የማይፈጅ ሥራ ነው። የቱሬቱንም እንዲሁ፤ እሱ ክብ ስለሆነ በናስ መሥራት ከሁሉም ይከብዳል።

አንድ ሁለት ላሜራ የተጣመመ፣ የወደቀ፣ የተቀደደ ማሳየት ከፈለግክ ግን ናስ ነው፤ ፕላስቲክ እንደ ላሜራ አይታጠፍም። 0.15 ሚሊሜትር የናስ ሉህ ከዋናው ውፍረት ጋር ይገጥማል ማለት ይቻላል። ከማጠፍህ በፊት በሻማ ሳይሆን በጋዝ ነበልባል ቀለሙ እስኪቀየር አሙቀውና በራሱ ይቀዝቅዝ። ያልሞቀ ናስ ስትለቀው ወደ ቦታው ይመለሳል፤ የሞቀው ባጠፍክበት ይቀራል። ዚመሪት የሌለበት ልሙጥ ላሜራ ስለሆነ ትንሿ ጉብጠት ሁሉ ትታያለች፤ ጣትህን ጠንቀቅ።

የፎቶ ኤቹን ክፍሎች ለስላሳ መቁረጫ ምንጣፍ ላይ አትቁረጥ፤ ምላጩ ሲጫን ክፍሉ ወደ ምንጣፉ ይሰምጥና ይጣመማል። ሴራሚክ ወይም መስታወት ላይ ቁረጥ፣ በሌላ እጅህ ጣት ጫን አድርገህ፤ አለበለዚያ ዘሎ ሄዶ ወለሉ ይበላዋል። ለትንንሾቹ ሱፐር ግሉ ይበቃል። በስቴኪኒ ጫፍ ነጥብ አድርግ፣ ከጠርሙሱ በቀጥታ አታፍስስ፤ ትርፉ ሲነን ዙሪያውን ነጭ ጉም ያለብሰዋል። ሹርዘኑ የሚንጠለጠልበትን ረጅም ሐዲድ ግን በስታኞ በየደው። ሱፐር ግሉ ቀጥታ ሲጎተት ይይዛል፤ በጎን ሲላጥ ግን እንደ ብርጭቆ ይለቃል። ሐዲዱ ደግሞ ታንኩን ባነሳህ ቁጥር ጣት የሚያርፍበት ቦታ ነው።

መድፉን በተመለከተ አልጠየቅክም፤ ግን ከሁለት ግማሽ የሚጣበቅ ከሆነ ልብ በለው። ኤች የያዘው ባለ 75 ሚሊሜትር ኤል/48 ነው፤ 48 ማለት ርዝመቱ የአፉ ስፋት 48 እጥፍ ነው ማለት ስለሆነ 75 በ48 ሲባዛ 3.6 ሜትር፣ በ1/35 ወደ 103 ሚሊሜትር። ከዚህ ከፊሉ ቱሬቱ ውስጥ ይገባል። ስፌቱን በሞረድ ስትልግ ክቡ ጠፍጣፋ እንዳይሆን የብርጭቆ ወረቀቱን እንደ ጨርቅ ዙሪያውን ጠምጥመህ ከግራ ወደ ቀኝ ሳበው እንጂ በርዝመቱ አትልገው።

ቲነር_እና_ትዕግሥት

የመጨረሻው ጥያቄህ ከሁሉም ይበልጥ ሞዴል ያበላሻል፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ዋሽ ብቻውን ፕላስቲክ አይሰነጥቅም። የሚሰነጠቀው ሁለት ነገር ሲገናኝ ነው፦ የተወጠረ ፕላስቲክና የኢናሜል ቲነር። አክስሉ በጎማው ቀዳዳ ውስጥ ተጨናንቆ ከገባ ፕላስቲኩ ሁልጊዜ በውጥረት ላይ ነው፤ ለዓይን ግን አይታይም። ቲነሩ ወደ ስንጥቁ በራሱ ይሳባል፣ ቀለም ያልነካውን ፕላስቲክ ያገኛል፣ በውጥረቱ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ስንጥቆች ይከፍታቸዋል። ጠዋት ስትነሳ ጎማው ከነክንዱ ተለይቶ ወድቆ ታገኘዋለህ። ሙጫው የለቀቀ ይመስልሃል፤ ጠጋ ብለህ ስታየው ግን የተሰበረው ፕላስቲኩ ራሱ ነው።

ስለዚህ መከላከያው ከቀለም በፊት ይጀምራል። የጎማዎቹን ቀዳዳ በመሰርሰሪያ ትንሽ አስፋ፤ ጎማው በራሱ ክብደት እስኪሽከረከር። ብረት_ለበስ ሳይጣበቁ ይቆዩ ማለቱ ለዚህም ይረዳል። የተጣመመ ሳህንን በሞርሳ አስገድደህ አታጣብቅ፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረህ መጀመሪያ አቃናው። ፕራይመሩን በውጭ ገጽ ብቻ ሳይሆን በጎማው ጀርባና በአክስሉ ጫፍም አድርግ። ዋሽ ስትቀባ ደግሞ አታጥለቅልቅ፤ በቀጭን ብሩሽ በቡሎኑ ዙሪያና በመስመሩ ላይ ብቻ ንካ፣ የተጠራቀመውን በደረቅ ብሩሽ ምጠጥ። ሽታ የሌለው ዋይት ስፒሪት ከጠንካራው ቲነር የዋህ ነው። የሲጋራ መለኮሻ ቤንዚን ግን የሚቀባ ሰው ካየህ አትከተለው።

የቀለም ተራው እንዲህ ነው፤ ከጠንካራው ወደ ለስላሳው መሟሟያ። ላከር ከሥር፣ አክሪሊክ በላዩ፣ ኢናሜል በላዩ፣ የዘይት ቀለም ከሁሉም በላይ። ተገልብጦ ላከር በኢናሜል ላይ ከተረጨ የታችኛው ይጨማደዳል።

ለመሠረቱ ዱንክልጌልብ (ጠቆር ያለ ቢጫ) የታሚያ ኤክስኤፍ-60፣ ለቀይ ቡናማው ኤክስኤፍ-64፣ ለአረንጓዴው ኤክስኤፍ-61። መሠረቱን አንድ እጅ ቀለም ለአንድ እጅ ቲነር፣ ወደ 1 ባር ግፊት። ለነጠብጣቡ ወይም ለቀጭኑ መስመር ቲነሩን ወደ 70 በመቶ አድርሰህ ግፊቱን ወደ 0.7 አውርድ፣ ኤርብራሹን ከ2 ሴንቲሜትር በታች አስጠጋ። ጠርዙ ዙሪያ ጥቃቅን ጠብታ ከተረጨ ግፊቱ በዝቷል ወይም ቀለሙ ወፍሯል፤ እንደ ሸረሪት እግር ከተበታተነ ቀጥኗል። ከፌብሩዋሪ 1943 በኋላ መሠረቱ ከፋብሪካ ሲመጣ አረንጓዴውና ቡናማው በሊጥ መልክ ለክፍሎቹ ይደርሳቸውና በውሃ ወይም በቤንዚን ቀጥኖ ይረጭ ነበር። የሁለት ታንክ ቀለም አንድ ያልሆነው ለዚያ ነው፤ አንተም ቀለም ከፎቶው ጋር በትክክል አልገጠመም ብለህ አትጨነቅ። ከሹርዘኑ ኋላ ያለውን ጎን ቢጫውን ብቻ አድርገህ ተወው፤ ነጠብጣቡ በላሜራዎቹ ክፍተት በኩል ትንሽ ሾልኮ ቢገባ ይበቃል።

ከዋሽ በፊት ከፊል አብረቅራቂ ቫርኒሽ ስጥ። በማት ቀለም ላይ ዋሽ ሲፈስ ገጹ ይመጠውና መላው ሳህን ይጨልማል፤ ከዚያ በኋላ ማጽዳት የለም። ዚመሪት ላይ ይህ እጥፍ ይሆናል፤ እያንዳንዱ መስመር እንደ ጉድጓድ ቲነሩን ይይዛል። ለዚመሪት ዋሹን ከሌላው ቦታ በግማሽ አቅጥነው፤ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በኋላ እርጥብ ባልሆነ፣ ቲነር ብቻ በቀመሰ ጠፍጣፋ ብሩሽ ከላይ ወደታች ጥረገው።

ጭረት ላይ አንድ ቁጥር ብቻ አስታውስ፦ 1 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጭረት በእውነቱ 35 ሚሊሜትር የተላጠ ቀለም ነው። በስፖንጅ የሚቀባ ሰው ይህን ሲረሳ ታንኩ እንደ በሽተኛ ይዥጎረጎራል።

ሞረድ

ብረት_ለበስ ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ በአንድ ነገር ብቻ አልስማማም። ሰንሰለቱን ለ24 ሰዓት ስፖንጅ ጠቅጥቀህ ስትተወው ስፖንጁ ከታች ካልተመጣጠነ የላይኛው መስመር በአንዱ ጎን ከሌላው ይበልጥ ይረግባል። በሁለቱ ጎኖች መካከል ያለው ልዩነት ከፊት ሲታይ ወዲያው ያሳብቃል። በስፖንጅ ፈንታ አንድ ወጥ ውፍረት ያለው የካርቶን ቁራጭ በሮለሮቹ መካከል ብታስገባ ሁለቱም እኩል ይወጣሉ።

ቀለሙን በተመለከተም፦ ሰንሰለት ብርቱካናማ ዝገት አይደለም። ሲሄድ የሚፋቅ ብረት ነው፤ ቆሞ የከረመ ካልሆነ ጥቁር ቡናማ ነው። ጥቁር ቡናማ መሠረት፣ በላዩ ቀጭን የአቧራ ዋሽ፣ ከዚያ መሬት የሚነካውን ጥርስ በለስላሳ እርሳስ ግራፋይት ፋቀው። የፓንዘር 4 የመንገድ ጎማዎች ላስቲክ ያላቸው ስለሆኑ የሰንሰለቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ የሚያበራ ሰፊ መስመር አትሥራ፤ የሚያበራው ስፕሮኬቱ የሚነክስበት ቦታና የሚመራው ጥርስ ጎን ነው። ላስቲኩም ጥቁር አይሁን፤ ጠቆር ያለ ግራጫ። ጥቁር ካደረግከው ከሹርዘኑ ሥር ቀዳዳ ይመስላል።

ስስ_ቀለም

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ካርቶኑን እሞክራለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ባልከንክሮይሱ (የጀርመን መስቀል ምልክት) የሚቀመጠው ዚመሪት ያለበት ጎን ላይ ከሆነ ዲካሉ (በውሃ የሚለጠፈው ስስ ምስል) መስመሮቹ ላይ ይቀመጣል? ጭቃና አቧራውስ ከማቱ ቫርኒሽ በፊት ነው በኋላ?

ስቱኮ

ዲካል ዚመሪት ላይ አይቀመጥም። ማለስለሻ ፈሳሽ ሲነካው ወደ መስመሮቹ ይገባል፤ ግን የጭረቱ ራስ ላይ ሲወጠር ይሰነጠቃል፣ ወይም ከሥሩ አየር ይዞ በጎን ስታየው ያበራል። ከቀጭን የወረቀት ፕላስተር መስቀሉን ቆርጠህ ጭምብል ሥራ፤ ነጩን በጠፍጣፋ ብሩሽ ደረቅ አድርገህ ከላይ ወደታች ንካ፣ በጭረቱ ጉድጓድ ውስጥ ቢጎድል ተወው። የቱሬቱ ቁጥር ግን ልሙጥ ሹርዘን ላይ ስለሆነ ዲካሉ ይበቃዋል፤ ከሥሩ አብረቅራቂ ቫርኒሽ ይኑር እንጂ።

ቲነር_እና_ትዕግሥት

ማቱ ቫርኒሽ ከዋሹና ከዘይት ቀለሙ በኋላ፣ ከአቧራው ግን በፊት ነው። የዘይት ቀለሙን ቢያንስ ለ3 ቀን አድርቀው፤ ካልደረቀ ቫርኒሹ ከሥሩ ያለሰልሰዋል። ፒግመንቱን (የአቧራ ቀለም ዱቄቱን) በማቱ ላይ ስትነሰንስ ይይዛል፤ በአብረቅራቂ ላይ ይንሸራተታል። በዋይት ስፒሪት ጠብታ አሲዘው፣ ሲደርቅ ስለሚነጣ ከምትፈልገው አንድ ደረጃ አጥቁረህ ጀምር። በላዩ ሌላ ቫርኒሽ አትርጭ፤ ፒግመንቱ ይጠፋል። ወፍራሙን ጭቃ ከጎማው ጀርባና ከክንዶቹ ላይ ሰንሰለቱ ከመግባቱ በፊት ጨርሰው፤ ሰንሰለቱ ከገባ በኋላ የሚቀረው በፓራፋንጎው ጫፍና በፊት ሳህኑ ታች ላይ ያለው ብቻ ነው። ሁለቱ የሰንሰለት ግማሾች ሲገናኙ ከላይ ያለውን መጋጠሚያ በአንድ ነጥብ ሱፐር ግሉ፣ የታችኛውን በጭቃው ራሱ ዝጋው።